መንጠቆ ሲያዝ ክሩን መበጠስ፦ ዘንግም፣ ጣትም፣ ሐይቅም ሳይጎዳ

የተወጠረ ክር የሚበጠሰው ከሁሉም በደከመበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የት እንደሚሆን አጥማጁ ቤቱ ሆኖ ካልወሰነ የሐይቁ ድንጋይ ይወስንለታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ጉልበት ብዙ አያወራም። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው መንጠቆው ውሃ ከመንካቱ በፊት ነው፤ ለዳሩ የሚተርፈው ትንሽ ትዕግሥትና አንድ ቁራጭ እንጨት ነው።

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወይም ባሕር ዳር ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆም ብሎ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መንጠቆ ይያዛል። ባለቤቱ ዘንጉን ሽቅብ ያነሣና እስኪጎብጥ ድረስ ይስባል። ሰው ይሰበሰባል፤ መካሪው ይበዛል፤ ሁሉም «ሳብ! ጠበቅ አድርገህ ሳብ!» ይላል። ከዚያ ወይ የዘንጉ ጫፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ወይ ክሩ ዘንጉ ላይ ካለው የክር መጠቅለያ አጠገብ ተበጥሶ አርባ ሜትር ናይለን ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ከውሃው ተስፈንጥሮ ወደ ተሰበሰበው ሰው ይመጣል። መካሪዎቹ በዚህን ጊዜ ይበተናሉ፤ የተሰበረውን ዘንግ ግን አንዳቸውም አይገዙም።

ለምን ይሰበራል?

ዘንግ የተሠራው እየተንቀሳቀሰ የሚታገልን ዓሣ በመለጠጥ ለማድከም ነው። ዓሣ ሲከብድበት ይዞራል፣ ይደክማል፣ ይለቃል። ድንጋይ አይደክምም። ዘንጉ ሽቅብ ተነሥቶ ክሩ ቁልቁል ሲወጠር ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ከመስታወትና ከካርቦን ጭረት የሚሠሩ ዘንጎች ደግሞ ሲሰበሩ ማስጠንቀቂያ አይሰጡም። የሸምበቆ ዘንግ ቢያንስ ጥቂት ይንጣጣል።

መጠቅለያውም የራሱ ድክመት አለው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ክር ለመሰብሰብ እንጂ የሐይቅ ወለል ለመጎተት አልተሠሩም። የሚጠቀልለውን እጀታ በኃይል ማዞር ወይም ማጠንጠኛውን በመዳፍ ጨብጦ መሳብ ጥርሶቹን ያላላል፤ የመጠቅለያውን የመሐል ብረት ያጣምማል። ክሩም ቢሆን በዚያ ኃይል ሲወጠር በታችኞቹ ዙሮች መካከል ሰርጎ ይገባል። በሚቀጥለው ውርወራ ክሩ እዚያው ቦታ ላይ ይነክስና ማጥመጃው አየር ላይ ተበጥሶ ይሄዳል። ሰውየው ያን ጊዜ ክሩን ይረግማል።

ብዙዎቻችን ደግሞ ዘንግም መጠቅለያም የለንም። ናይለኑ በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ በእጅ ይወረወራል፤ ጥሩ ዓሣም ይያዝበታል። የዚህ አጠማመድ አደጋ አንድ ነው፤ ክሩ ሲያዝ ሳያስቡት በመዳፍ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጠማል። ቀጭን ናይለን በዚያ ሁኔታ ሲወጠር ቆዳ ይቆርጣል። ተጎንጉኖ የሚሠራው ክርማ ከዚያም ይብሳል፤ ሥጋን አልፎ እስከ አጥንት ይደርሳል። ክር በጣት፣ በመዳፍ፣ በእጅ አንጓ ወይም በክርን ላይ ተጠምጥሞ አይሳብም። ጓንት ቢደረግም አይሳብም።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠራው

የሚያስፈልገው ሦስት ደረጃ ጥንካሬ ነው። ዋናው ክር፣ ማለትም ከእጃችሁ ወይም ከመጠቅለያው የሚወጣው፣ ከሁሉም የጠነከረ ይሁን። መንጠቆው የሚታሰርበት አንድ ክንድ ያህል ክር ከዚያ ይድከም። ማስመጫው፣ ማለትም ማጥመጃውን ወደ ታች የሚያወርደው ክብደት፣ የሚታሰርበት ደግሞ ከሁሉም የደከመ ይሁን። ለምሳሌ ዋናው ክር 10 ኪሎ የሚችል ከሆነ የመንጠቆው 6 ወይም 7፣ የማስመጫው 3 ወይም 4 ኪሎ የሚችል ቢሆን ይበቃል። በድንጋይ መካከል ብዙውን ጊዜ የሚሰካው ማስመጫው ነው። ክሩ ደካማ ከሆነ እሱ ብቻ ይበጠስና መንጠቆው፣ ምናልባትም መንጠቆው ላይ ያለው ዓሣ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ለማስመጫ እርሳስ መግዛት ግዴታ አይደለም። እርሳስ መርዛማ ብረት ነው፤ ሐይቅ ውስጥ እየቀረ መከማቸቱም ደስ አይልም። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ካንዴላ ወይም ወፍራም ዳዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቢጠፋም አያስቆጭም። ካንዴላው ዘይት ካለበት በሳሙና ይታጠብ። አምባዛ በማሽተት ስለሚመራ የዘይት ጠረን ያለበት ማጥመጃ ባይሆን ይመረጣል፤ ሐይቁም ዘይት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቋጠሮው። ናይለን ላይ ተራ ቋጠሮ መቋጠር የክሩን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። በነፋስ ወይም በግዴለሽ አጠቃለል ክሩ መሐል ላይ በራሱ የተፈጠረች ትንሽ ቋጠሮም እንዲሁ ናት። ያቺ ቋጠሮ ከእጃችሁ አምስት ሜትር ላይ ከሆነች ክሩ እዚያው ይበጠሳል፤ ቀሪው ሁሉ ለሐይቁ ይሆናል። ካገኛችኋት ፍቱት፤ ካልተፈታ ከዚያ በላይ ቁረጡና እንደገና እሰሩ። መንጠቆ ሲታሰር ክሩን በቀዳዳው አሳልፉት፤ ጫፉን በራሱ በክሩ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት፤ ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ በተፈጠረችው ክፍተት መልሳችሁ አስገቡት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ ይፋተጋል፤ በፍትጊያው ሙቀት ይጎዳል። ዙሮቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ቋጠሮው ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰራችሁ በኋላ ፈትኑት። ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አትተማመኑ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ያህል ነው፤ 20 ፓውንድ ማለት 9 ኪሎ ገደማ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ናይለን ግን የተጻፈለትን አይችልም። መፈተኛው ደግሞ ሁሉም ቤት አለ፤ ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ክሩን ልክ ለዓሣ እንደምታስሩት አድርጋችሁ ከጀሪካኑ እጀታ ጋር እሰሩና ሌላውን ጫፍ ከጠንካራ አግዳሚ ላይ ጠምጥሙ። ጀሪካኑ ከመሬት ከአራት ጣት በላይ ከፍ አይበል፤ ሲወድቅ እግር ሥር እንዳይፈነዳ። ከዚያ በሊትር እየለካችሁ ውሃ ጨምሩ። የት ላይ እንደተበጠሰና በስንት ሊትር እንደተበጠሰ ተመልከቱ፤ የባዶውን ጀሪካን ክብደትም ደምሩበት። የማስመጫው ክር ከመንጠቆው ክር ቀድሞ ካልተበጠሰ ክሩን ወይም ቋጠሮውን ለውጡ። ናይለን ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬው በመጠኑ ስለሚቀንስ ክሩን ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆይቶ መፈተን ወደ እውነቱ ያቀርባል። ፈተናው ራሱ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

መንጠቆውም ምርጫ አለው። ለቆሮሶ የሚሆን ትንሽ መንጠቆ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ቢሆን በጠንካራ ክር ሲሳብ ራሱ ተከፍቶ ይወጣል። በፒንሳ መልሳችሁ ልታጎብጡት ትችላላችሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ሽቦው ይሞታል። ለአምባዛና ለናይል ፐርች ይህ ዘዴ አይሆንም። እነዚህ ዓሦች ራሳቸው ይከፍቱታል።

የመጨረሻው ዕቃ እንጨቱ ነው። ከአሮጌ የመጥረጊያ እጀታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። መሐሉን በቀጭኑ በተቆረጠ ከመነዳሪ አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፤ ጎማው ክሩ እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ሁለቱም ጫፍ ለመጨበጫ ይቅር። ክርን ለመበጠስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ይህ ብቻ ነው። ከፒንሳ፣ ከመቀስና ከመነጽር ጋር ቦርሳ ውስጥ ይግባ። መነጽሩ የፀሐይም ቢሆን ይሠራል።

መንጠቆው ሲያዝ መጀመሪያ የሚደረገው

አትሳቡ። ክሩን በቀስታ ወጠር አድርጉና በጣታችሁ አዳምጡት። ድንጋይ ሙት ነው። ሣርና ቅጠል ትንሽ ይለጠጣል፣ እየጎተተ ይመጣል። ዓሣ ግን፣ ሥር ውስጥ የተወሸቀ አምባዛም ቢሆን፣ ቆይቶ ይርገበገባል። ዓሣ ከሆነ ክሩን ሙሉ በሙሉ አላልታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ መጎተቱ ሲቀርለት ብዙ ጊዜ ራሱ ከተደበቀበት ይወጣል።

የት እንዳላችሁም አስቡ። ጣና ዳርቻው ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይበዛል፤ ማስመጫ በስንጥቁ ውስጥ ይወሸቃል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየው እምቦጭ አለ፤ ሥሩ ክርን ይጠላልፋል እንጂ ብዙም አይዝም፤ በቀስታ ሲሳብ አብሮ ይመጣል። ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው፤ እዚያ ሸምበቆና ደንገል እንጂ ድንጋይ ያን ያህል አያስቸግርም። አዋሽና ባሮ በመሳሰሉ ወንዞች የሚይዘው ጎርፍ ያመጣው ግንድ ነው፤ ግንድ ከሁሉም ክፉ ነው፤ መንጠቆው እንጨት ውስጥ ከተሰካ የሳባችሁት ሁሉ ይበልጥ ያስገባዋል።

ማስለቀቂያው በአጭሩ ይኸው። ክሩን አላሉና ዘንጉን ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጉ፤ በእርጋታ። ካልሆነ ወደ ቀኝ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ግራ። መንጠቆ በገባበት አቅጣጫ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ከመሳብ ይልቅ ማዕዘን መቀየር ያዋጣል። ሌላው ዘዴ ክሩን ወጥሮ በመጠቅለያውና በመጀመሪያው ቀለበት መካከል ያለውን በሁለት ጣት ስቦ በድንገት መልቀቅ ነው፤ ንዝረቱ ወደ ታች ይሄድና ማስመጫውን ወደ ኋላ ያስፈነጥረዋል። በወንዝ ላይ ከሆናችሁ ክሩን በብዛት ልቀቁት። ወራጁ ውሃ ክሩን ከመንጠቆው አልፎ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ስትስቡ ኃይሉ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። ይህ ዘዴ ከሁሉም ይሻላል እላለሁ፤ የሚሠራው ግን ክር ለመልቀቅ የማይሰስት ሰው ብቻ ነው።

ጀልባ ላይ ከሆናችሁ በቀጥታ ከመንጠቆው በላይ ሂዱና ወደ ሽቅብ ሞክሩ። ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ቀለበት፣ ለምሳሌ የተከፈተ አሮጌ ጓጉንቸር፣ በጠንካራ ሲባጎ ታስሮ በተወጠረው ክር ላይ ቁልቁል ቢለቀቅ መንጠቆውን ከላይ ይመታውና ያስለቅቀዋል።

ውሃ ውስጥ ገብቶ ማስለቀቅ አይታሰብ። ጫሞ፣ አባያ፣ ባሮ፣ ኦሞ እና አዋሽ አዞ አለባቸው። ሐዋሳና ጣና ላይ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬም ሰው ይገድላል። በጣናና በዝዋይ ዳርቻ ደግሞ የማይታየው ጠላት፣ ቢልሃርዚያ አለ፤ እስከ ጉልበት መግባት ብቻ ይበቃዋል። አንድ መንጠቆ ስንት ብር ነው?

አስለቅቄ አልተሳካልኝም፤ እንግዲህ ልበጥሰው

በመጀመሪያ መቀሱን ቦርሳ ውስጥ መልሱት። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ክሩን መቁረጥ ለአጥማጁ ቀላል ነው፤ ግን ውሃው ውስጥ የሚቀረው ክር በሙሉ የሌላ ሰው ችግር ይሆናል። መቁረጥ የሚፈቀደው፣ ኋላ ከምናየው የሰው መረብ በቀር፣ ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ክር እግር ሲጠመጥም፣ ጀልባ በንፋስ ሲነዳ፣ አዞ ሲጠጋ። ያኔ ማንም ስለ ክር አያስብም።

አሁን እንጀምር። አካባቢውን አስለቅቁ። ከጀርባችሁም ሆነ ከጎናችሁ ልጅ እንዳይቆም፤ በተለይ በክሩ መስመር ላይ። ምክንያቱ ናይለን ይለጠጣል፤ ሊበጠስ ሲደርስ ከርዝመቱ አምስተኛ እጅ ያህል ሊረዝም ይችላል። 40 ሜትር ክር ከሆነ ውስጡ የ8 ሜትር ጉልበት ተጠራቅሟል ማለት ነው። ክሩ ተበጥሶ ሳይሆን ማስመጫው በድንገት ለቆ የወጣ እንደሆነ ያ ሁሉ ጉልበት ካንዴላውን ወደ እናንተ ይወረውረዋል። ዓይን በዚህ ይጠፋል። መነጽር አድርጉ።

የላላውን ክር ሰብስቡና ዘንጉን ወደ ተያዘው መንጠቆ በቀጥታ አመልክቱት። በዘንጉና በክሩ መካከል ምንም ጉብጠት አይኑር። ከዚያ የመጠቅለያውን ፍሬን አላሉና ሁለት ሜትር ያህል ክር አውጡ። ዘንጉን ብብታችሁ ሥር ያዙት ወይም ለሌላ ሰው ስጡት፤ መሬት ላይ ከጣላችሁት የሚረግጠው አይጠፋም።

እንጨቱን ከዘንጉ ጫፍ ቀድሞ ወዳለው ክር አምጡና በጎማው ላይ ስድስት ወይም ስምንት ዙር ጠምጥሙ። ከእንጨቱ እስከ ዘንጉ ያለው ክር ላላ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ዘንጉም መጠቅለያውም ከጨዋታው ወጥተዋል፤ ሸክሙን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። በእጅ የምታጠምዱም ከሆነ ያው ነው፤ ጠርሙሱን መሬት አስቀምጡና እንጨቱን ተጠቀሙ። ጠርሙሱን ይዞ መሳብ ጠርሙሱን ይጨፈልቀዋል፤ ክሩም ይተበተባል።

እንጨቱን በሁለት እጅ ጨብጡ፤ ክሩ በሁለቱ እጆች መካከል ይውጣ። ከወገብ በታች ያዙት። በጎን ቁሙና ፊታችሁን ከውሃው አዙሩ። ከኋላችሁ ያለውን መሬት አስቀድማችሁ እዩት፤ ድንጋይ ወይም ገደል ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። መንጭቆ መሳብ የለም። በዝግታ የመጣ ኃይል በክሩ ርዝመት ሁሉ እኩል ይደርስና ደካማውን ቋጠሮ ያገኛል፤ ድንገተኛ ምንጭቅታ ግን ወደ እጃችሁ የቀረበውን ክፍል ቀድሞ ይመታዋል። ዝግ ያለ ጉተታ ቀጭኑን መንጠቆ ከፍቶ ሊያስወጣውም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ክሩ ተበጥሶ መስሎን መንጠቆው ቀና ብሎ ሲመጣ እናያለን።

ናይለን ከሆነ ብዙ እርምጃ ይጠይቃል፤ አትደነቁ። ተጎንጉኖ የተሠራው ክር አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ገና ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ይወጠራል፣ ሲበጠስም እንደ ጥይት ይጮኻል። በዚህ ክር ላይ እንጨቱ ግዴታ ነው። በመጨረሻው ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ናይለን ሳይታከልበት ባይወረወር እመክራለሁ፤ ያ ናይለን ከተጎነጎነው ክር የደከመ ስለሚሆን መበጠሻውን ቦታ ወደ ታች ያወርደዋል።

የክሩ ጥንካሬ ከ25 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ጫሞ ላይ ለናይል ፐርች እንደሚጠቀሙበት ያለ፣ አንድ ሰው በእንጨት በጥሶ ሊጨርሰው አይገባም። እንዲህ ያለ ክር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደካማ ክር ያለው የማስመጫ አሠራር አማራጭ ሳይሆን ግድ ነው።

ጀልባና ታንኳ

ደንገል ታንኳ ላይም ሆነ የእንጨት ጀልባ ላይ ቆሞ ክር አይበጠስም። ክሩ በድንገት ሲበጠስ ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ደግሞ ውሃ ነው። ቁጭ በሉ፤ እግራችሁን ከፊት ለፊት ካለ ነገር ጋር ደግፉ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበሱ። ባለ ሞተር ጀልባ ከሆነ ክሩን ከጀልባው ጫፍ ካለ ማሰሪያ ላይ ጠምጥሞ ሞተሩን በጣም በዝግታ ማስኬድ ይቻላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ግን ጎንበስ ይበል። ክሩ ከሞተሩ ምላስ እንዲርቅ ሞተሩን የያዘው ሰው ይጠንቀቅ።

የሰው መረብ ሲያዝ

ሐዋሳ፣ ዝዋይና ጣና ላይ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚነሣ መረብ ብዙ ነው። መንጠቆአችሁ ለስለስ ባለ፣ ግን ሰፋ ባለ ነገር ከተያዘና ስትስቡት ሩቅ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ከተነቃነቀ፣ ያ የሰው እንጀራ ነው። በኃይል መበጠስ መረቡን ይቀድደዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ለባለቤቱ የአንድ ሌሊት ዓሣ ነው። ባለቤቱ በአካባቢው ካለ ጠርታችሁ አስረዱት፤ አብዛኞቹ «ችግር የለም ወንድሜ» ብለው በታንኳ ሄደው መንጠቆውን ያመጡላችኋል። ከሌለ ክሩን በተቻለ መጠን ወደ መረቡ ተጠግታችሁ ቁረጡ። ወደ መረቡ የቀረበ መንጠቆ መኖሩን ግን ለሌሎቹ አጥማጆች ተናገሩ፤ ጠዋት በጨለማ መረብ የሚያነሣ እጅ መንጠቆ ላይ እንዳይወድቅ።

ከተበጠሰ በኋላ

የመጣውን ጫፍ ተመልከቱ። ጫፉ እንደ ሞላ ተጠምዝዞ ከሆነ ቋጠሮው ነው የተፈታው፤ አስተሳሰራችሁን አሻሽሉ። ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ድንጋይ በልቶታል። ረጅም ሆኖ ሳስቶና ሻክሮ ከመጣ መሐሉ ተጎድቷል። በማንኛውም ሁኔታ የመጨረሻውን ሦስት ወይም አራት ሜትር በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል በቀስታ አሳልፉት። ሻካራ ወይም ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ ከተሰማችሁ ከዚያ በላይ ቁረጡ። ለአንድ ሜትር ናይለን ስትሉ ሁለት ኪሎ ቆሮሶ እንዳታጡ።

የዘንጉን ቀለበቶች ደግሞ በጥጥ ቁራጭ ጥረጉ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ክርን በየውርወራው ይልጠዋል። ክሩን መልሳችሁ ስትጠቀልሉ እርጥብ ጨርቅ መካከል አሳልፋችሁ ትንሽ ወጠር አድርጉት፤ ላላ ሆኖ የተጠቀለለ ክር በሚቀጥለው ውርወራ ተተብትቦ ይወጣል።

የቆረጣችሁትን ክር እዚያው አትጣሉ። ናይለን ውሃ ውስጥም መሬት ላይም ለብዙ ዘመን አይበሰብስም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአጥማጆች እግር መካከል እየተመላለሱ የዓሣ ቁራጭ ሲለቅሙ፣ አንዳንዱ እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሞበት ይታያል። ክሩ ወፉ ሲያድግና ሲራመድ እየጠበቀ ይሄዳል። ቁርጥራጩን ወደ ኪስ ወይም ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገቡና ቤት ስትደርሱ በመቀስ ጣት በማያክል ርዝመት ከትፋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ አጭር ቁራጭ ወፍ አይጠመጥምም። ማቃጠል አያስፈልግም፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው።

አዲስ መንጠቆ አስራችሁ ስትወረውሩ ወደዚያው ቦታ አትመለሱ። ዓሣ አለበት ብላችሁ ካመናችሁና ልባችሁ እምቢ ካለ፣ ማስመጫውን ግማሽ ቀንሱት፤ ወይም ከቡሽ አንዲት ተንሳፋፊ ከመንጠቆው ሁለት ስንዝር በላይ እሰሩና ማጥመጃው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ።